የዋልታው በረዶና የጣናው ዘንግ

በአማርኛችን በረዶ ሲባል በመጀመሪያ ትዝ የሚለን በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርደው ነው። እኔ በምኖርበት በኮልፌ ቀራኒዮ በክረምት ከወጨጫ ተራራ በኩል ጠቁሮ የመጣ ደመና ጣራውን ሩብ ሰዓት ያህል ሲደበድብ ቆይቶ ግቢውን አንጥፎት ይሄዳል። ውፍረቱን ማወቅ የፈለገ ሰው ሳይቀልጥበት ማስመሪያ ይዞ መውጣት ይበቃዋል። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ መለኪያ ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ግን የመረጥሁት ማስመሪያ የማይደርስበትን በረዶ፣ ማለትም በሰሜን ዋልታ ባሕር ላይ የሚንሳፈፈውን ነው። ነገሩ ከጣና ጋር ምን እንዳገናኘው ወደ ኋላ እገልጻለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ለኪዎች በእግራቸው የሄዱ ናቸው። ኖርዌያዊው ናንሰን ከ1885 እስከ 1888 ዓ.ም. ፍራም የተባለችውን መርከቡን ሆን ብሎ በበረዶ አስይዞ ከበረዶው ጋር ሲንሳፈፍ በረዶውን እየበሳ ይለካ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ፓፓኒን የሚመራቸው አራት የሶቪየት ሰዎች በአንድ ተንሳፋፊ በረዶ ላይ ሰፍረው ዘጠኝ ወር ያህል ቆዩ። ከ1946 እስከ 1983 ዓ.ም. ደግሞ እነርሱን የተከተሉት የሶቪየት ተንሳፋፊ ጣቢያዎች በበረዶው ላይ የሚተኛውን አመዳይ ጥልቀት በዘንግ እየለኩ መዘገቡ። ይህን መዝገብ አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ቀጥሎ የመጣው ልኬት ከሥር ነው። በሐምሌ 1950 ዓ.ም. የአሜሪካው ሰርጓጅ መርከብ ናውቲለስ በበረዶው ሥር አልፎ ዋልታው ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ድምፅ እየላከ የገደል ማሚቶውን የሚያዳምጥ መሣሪያ ይዞ ነበር። የእነዚህ መርከቦች መዝገብ የጦር ምስጢር ሆኖ ብዙ ዘመን ተቆልፎበት ኖረ። ከምስጢር የወጣው ክፍል በ1992 ዓ.ም. ተመርምሮ ሲታተም፣ በበጋው መጨረሻ ከውሃ በታች ያለው የበረዶ ክፍል በአማካይ ከ3.1 ሜትር ወደ 1.8 ሜትር መሳሳቱ ታወቀ። ያም ሆኖ ሰርጓጅ መርከብ የሚነግረን ስላለፈበት መስመር ብቻ ነው።

ባሕሩን በሙሉ ሊያዳርስ የሚችለው ሳተላይት ነው፤ ሳተላይት ግን የበረዶውን ሥር አያይም። ብልሃቱ ከቤት ሊሞከር ይችላል። በሰፊ ድስት ያረጋሁትን 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ ሳፋ ውሃ ላይ ብለቀው ከላይ የቀረው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሆነ። የባሕር ውሃ በሜትር ኩብ 1,024 ኪሎ ግራም፣ በረዶው ደግሞ 917 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ በባሕር ላይ ከውሃ በላይ የሚታየው ከአሥር አንዱ ገደማ ነው። እኛ በግድብ ሥራ ከውሃው ወለል እስከ ግድቡ አናት ያለውን ከፍታ ፍሪቦርድ እንደምንለው ሁሉ የበረዶ ተመራማሪዎችም ይህችን ትርፍ ከፍታ በዚያው ስም ይጠሯታል። እርሷን ለክቶ በ9.6 ያባዛ ሰው ውፍረቱን ያገኛል። ችግሩ ስሕተቱም አብሮ መባዛቱ ነው፤ ፍሪቦርዱን በ3 ሴንቲ ሜትር የሳተ ሰው ውፍረቱን በ29 ሴንቲ ሜትር ይስታል።

በሐምሌ 1983 ዓ.ም. የተወነጨፈው የአውሮጳ ሳተላይት ኢአርኤስ 1 የራዳር ከፍታ ለኪ ነበረው። የለንደኑ ተመራማሪ ሲሞር ላክሰንና ባልደረቦቹ በበረዶ ስንጥቆች መካከል ያለው የረጋ ውሃ የራዳሩን ሞገድ እንደ መስታወት ሲመልሰው ሻካራው በረዶ ግን እንደሚበትነው ተገነዘቡ። ሁለቱን ማሚቶዎች ለይቶ ከፍታቸውን ማነጻጸር ፍሪቦርዱን ይሰጣል። የስምንት ዓመት ውጤታቸው በ1996 ዓ.ም. ታተመ። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራው ክራዮሳት በመስከረም 1998 ዓ.ም. በሮኬቱ ጉድለት ምክንያት ሊለካው በነበረው በዚያው በሰሜን ዋልታ ባሕር ውስጥ ወድቆ ቀረ። ምትኩ ክራዮሳት 2 በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ወጣ። ከ717 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ አንድ ሴንቲ ሜትር ለመለየት ከቢሊዮንኛ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ጊዜ መለየት ያስፈልጋል። ላክሰን በታኅሣሥ 2005 ዓ.ም. ሳይታሰብ ሲሞት የአዲሱ ሳተላይት የመጀመሪያው ትልቅ ውጤት ገና ሊታተም ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ዘንጉ እመለሳለሁ። ራዳሩ አመዳዩን አልፎ በረዶውን ይመታል ተብሎ ይታሰባል፤ ይህም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። አመዳዩ ግን በክብደቱ በረዶውን ወደ ታች ይጫነዋል። 2 ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ ያለ አመዳይ 21 ሴንቲ ሜትር ያህል ፍሪቦርድ ይኖረዋል፤ 20 ሴንቲ ሜትር አመዳይ ሲተኛበት ወደ 15 ይወርዳል። አመዳዩን የዘነጋ ሂሳብ 2 ሜትሩን በረዶ 1.44 ሜትር ነው ይላል። ታዲያ የአመዳዩ ጥልቀት ከየት ይምጣ? ክራዮሳት 2 ሥራ ሲጀምር የተገኘው ምንጭ ያ የሶቪየት ሰዎች በዘንግ የሞሉት መዝገብ ነበር። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የክራዮሳት 2 ምሕዋር ከሌዘር ለኪው አይስሳት 2 ምሕዋር ጋር እንዲገጣጠም የተደረገው ከዚህ ጥገኝነት ለመላቀቅ ነው፤ ሌዘሩ የአመዳዩን ገጽ፣ ራዳሩ የበረዶውን ገጽ ቢለኩ ልዩነታቸው ጥልቀቱን ይሰጣልና።

አሁን ጣና። በነሐሴ 1984 ዓ.ም. የተወነጨፈው ቶፔክስ ፖሰይዶን የውቅያኖስን ገጽ እንዲለካ የታሰበ ቢሆንም በመንገዱ በጣና ላይ ያልፍ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሐይቁ ከፍታ በየአሥር ቀኑ ገደማ ከላይ ሲለካ ኖሯል። መሣሪያው የዋልታውን በረዶ ከሚለካው ጋር አንድ ዓይነት ነው። (እኛ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ያስወነጨፍናት ሳተላይት ፎቶግራፍ አንሺ እንጂ ከፍታ ለኪ አልነበረችም።) በሰኔ 1995 ዓ.ም. ድርቁና በጨራጨራ በኩል ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውሃ ተደምረው ሐይቁ እጅግ ጎድሎ ጀልባዎች መንቀሳቀስ ሲሳናቸው፣ ይህን ያወቁት የባሕር ዳር ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ከሐምሌ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዳሴው ግድብ ሲሞላም በየአገሩ የሚገኙ ተመራማሪዎች የውሃውን ከፍታ ከሳተላይት እያነበቡ ጽፈዋል።

ይህ አያስቀይመኝም። የሚያሳስበኝ በእጃችን ያለው ዘንግ ነው። የባሕር ዳሩ መለኪያ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የሐይቁን ከፍታ ሲመዘግብ ቆይቷል፤ ሳተላይቱ በአሥር ቀን አንዴ የሚያየውን የዘንጉ አንባቢ በየቀኑ ያያል። የሳተላይቱ ዜሮ ከእኛ ዜሮ የተለየ በመሆኑ ሁለቱን የሚያስታርቅ ቤንች ማርክ ከሌለ፣ ሌላው ስለ ውሃችን የሚለውን መቀበልም መከራከርም አንችልም።

ሥራ በጀመርሁበት ዘመን በአንድ ወንዝ ላይ ጎርፍ የጣለውን የመለኪያ ዘንግ አይተናል። ከጎርፉ በኋላ መልሶ ያቆመው ክፍል ከቤንች ማርኩ ጋር ሳያገናኘው ሄዷል። የመንደሩ አንባቢ ግን ጧትና ማታ እየወረደ ሦስት ዓመት ሙሉ በንጹሕ እጅ ጽፏል፤ አንድ ቀን እንኳ አልጎደለበትም። ደብተሮቹን ተረክበን ስንመረምር ዘንጉ የቀድሞ ቦታው ላይ እንዳልቆመ ታወቀ፤ ምን ያህል እንደተዛነፈ ግን ማንም ሊነግረን አልቻለም። ሽማግሌው ቁጥሮቹ የት እንደ ደረሱ ሲጠይቁኝ «በሥራ ላይ ናቸው፣ አባቴ» አልኋቸው።