ከማደሪያ መሬት እስከ ደመወዝ ስኬል

“ደመወዝ” የሚለው ቃላችን ደምንና ወዝን አጋብቶ የያዘ ቃል ነው። ሰው ደሙን አሙቆ፣ ወዙን አንጠፍጥፎ የሚያገኘው ዋጋ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን ታሪክ የሠራተኛ ገቢ በደሙና በወዙ ልክ የተተመነበት ዘመን ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚለካው ሰውየው በሠራው ሥራ ሳይሆን ማን እንደ ቀጠረውና የት እንደ ተቀጠረ ታይቶ ነው። ይህ አባባል ተራ ምሬት እንዳይመስል ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ።

በቀድሞው ሥርዓት ሹሙና ወታደሩ በወር የሚቈጠር ገንዘብ አልነበረውም። ማደሪያ መሬት ይሰጠው ነበር፤ ከግምጃ ቤትም ድርጎና ቀለብ ይሰፈርለት ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ ለዘመተው ነፍጠኛ ደግሞ እንደ ማዕረጉ ገባር ይቈጠርለት ጀመር። የአንዱ “ደመወዝ” የሌላው ጉልበት ነበር ማለት ነው። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙም ይህ አሠራር ወዲያው አልተለወጠም። መሠረታዊው ለውጥ የመጣው ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ነው። የጠቅላይ ግዛት ገዢዎች ከማዕከላዊው ገንዘብ ሚኒስቴር ደመወዝ የሚቀበሉ ሠራተኞች ሆኑ። ጌታ የነበረው ሰው ደመወዝተኛ ሆነ፤ ገንዘብ የሚሰጥ ማዕከል ደግሞ ታዛዥ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ደመወዝ የኑሮ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፖለቲካ መሣሪያም ሆኖ ኖረ።

መሣሪያው ግን ያዡን ቈርጦም ያውቃል። በ1966 ዓ.ም. ጥር ላይ በነገሌ ቦረና የተቀሰቀሰው የወታደሮች ዐመፅ የምግብ፣ የውሃና የደመወዝ ጥያቄ ነበር። መምህራን “ሴክተር ሪቪው” የተባለው የትምህርት ጥናት ኑሯችንን ይጐዳል ብለው ሥራ አቆሙ። የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ጭማሪ አድመው ከተማዋን አሽመደመዷት፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርም ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። መንግሥት ለጦሩ ደመወዝ ጨመረ፤ ዘግይቶ ነበርና አልጠቀመውም።

ደርግ የወረሰውን መሰላል አጥብቆ ያዘው። በመንግሥት ሥራ ዝቅተኛው ደመወዝ 50 ብር፣ ከዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ተመርቆ የሚወጣው ወጣት መነሻ ደግሞ 500 ብር ነበር። ለተመራቂው ሥራውም ዋስትና ነበረው። ዶላር በመንግሥት ተመን 2 ብር ከ7 ሳንቲም ስለ ነበር 500 ብር ማለት 240 ዶላር ገደማ ነበር። ብዙዎቻችን “ያኔ በ500 ብር ቤተሰብ ይተዳደር ነበር” እያሉ የሚተርኩ ወላጆች አሉን። ትረካው እውነትነት ቢኖረውም ጐደሎ ነው። ያ የምንዛሪ ተመን የወረቀት ተመን ነበር፤ ጥቁር ገበያው ዶላሩን ከዚያ እጥፍ በላይ ይሸጠው ነበር። የ500 ብሩ ጒልበት የቆመው በቀበሌ ቤት ርካሽ ኪራይና በቀበሌ ሱቅ ራሽን ላይ ነበር። ድርጎው በሌላ ስም ተመልሶ መጥቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መሰላሉ አንድ መሆኑ ቀረ። የግል ባንኮች ተፈቀዱ፤ የውጭ ድርጅቶች በዙ፤ ትልልቆቹ የመንግሥት የልማት ድርጅቶችም የየራሳቸውን ስኬል አወጡ። ከአንድ ክፍል በአንድ ዓመት የተመረቁ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በባንክ፣ ሌላው በወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀጥረው፣ በማይቀራረብ ኑሮ ይኖሩ ጀመር።

ውድ አንባብያን፣ አሁን ሒሳቡን እንመልከተው። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማስተካከያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,500 ብር ወደ 4,760 ሲያድግ፣ ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492 ብቻ አደገ። በመስከረም 2018 ዝቅተኛው 6,000፣ ከፍተኛው 39,000፣ የዲግሪ ተመራቂ መነሻ 11,500 ብር ሆነ። በደርግ ዘመን ተመራቂው የዝቅተኛውን ዐሥር እጥፍ ያገኝ ነበር፤ አሁን ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። የታችኛው ከፍ ማለቱ ፍትሕ ነውና ማንም ሊቃወመው አይገባም። ነገር ግን 11,500 ብር በዚያን ጊዜው ምንዛሪ 80 ዶላር ገደማ ነው። ልዩነቱ የጠበበው ታችኛው ወደ ላይ ስለ ወጣ ብቻ ሳይሆን መምህሩና ነርሷም ወደ ታች ስለ ወረዱ ነው። በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ያነሡት ጥያቄ ከዚህ የመነጨ ነው።

በክልሎች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በስኬሉ ላይ አይታይም። ስኬሉ አንድ ነው፤ ለቆላው አገር የበረሃ አበል ይጨመርበታል። ልዩነቱ የሚገለጠው የደመወዝ ቀን ሲደርስ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የትግራይ የመንግሥት ሠራተኞች ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ኖረዋል። በደቡብም በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በርካታ ወረዳዎች ለመምህራን በወቅቱ መክፈል አቅቷቸው ነበር። ያልተከፈለ ደመወዝ ስንት እርከን ቢኖረው ምን ይጠቅማል?

ከመሰላሉ ፈጽሞ ውጭ የቆሙም አሉ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የተስፋ ምልክት ነበር። በ2011 ዓ.ም. አንድ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ባወጣው ጥናት ግን የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ በዘርፉ ከዓለም ዝቅተኛው ሆኖ ተገኘ። ርካሽ ጉልበት ለባለሀብት መጥሪያ ማስታወቂያ ሆኖ ነበር። ከገጠር የመጡት ልጃገረዶች በዚያ ገንዘብ የቤት ኪራይና ምግብ መቻል ሲያቅታቸው በብዛት ሥራውን ጥለው ሄዱ። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። በ2017ቱ የሠራተኞች ቀንም ኢሠማኮ የዝቅተኛ ደመወዝን ጥያቄ ገና እንደ ጥያቄ ያነሣ ነበር።

በ1934 ዓ.ም. የገባሩ ጉልበት የሹሙ ደመወዝ መሆኑ ሊቀር ተወስኖ ነበር። ዛሬ ወለል በሌለው ደመወዝ የምትሰፋው ልጅ ጉልበት የማን ማደሪያ እንደ ሆነ መጠየቅ የእኛ የደመወዝተኞቹ ዕዳ ነው። የራሳችንን እርከን ስንቈጥር መሰላሉን ያልረገጠችውን አንርሳ።

ቸር ይግጠመን።