የጀልባ ሊቲየም ባትሪ

የጀልባ ሊቲየም ባትሪ የጀልባን ኤሌክትሪክ ሞተር፣ መብራትና ሌሎች መሣሪያዎች ለማሠራት ከሊቲየም-አዮን ሴሎች የሚገጣጠም ባትሪ ነው። «ሊቲየም» የአንድ ባትሪ ሳይሆን የብዙ ዓይነት ባትሪዎች የጋራ ስም ነው። አብዛኞቹ ዓይነቶች የሚለያዩት ካቶዳቸው በተሠራበት ውሕድ ሲሆን፣ ይህም የሴሉን ቮልቴጅ፣ ክብደት፣ ዕድሜና የእሳት አደጋ ይወስናል። እንደ መተማ ባለ ቆላ በእጅ ለሚገጣጠም ባትሪ ሙቀትን መቋቋም ከቀላልነት ይቀድማል።

ታሪክ

የመጀመሪያው ሊቲየም-አዮን ባትሪ በ1991 እ.ኤ.አ. በሶኒ ኩባንያ ለገበያ ቀረበ። ካቶዱ በጆን ጉድኢነፍ የሚመራው ቡድን በ1980 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ያስተዋወቀው ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ ነበር። እኚሁ ሳይንቲስት በ1990ዎቹ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሊቲየም ብረት ፎስፌትን አስተዋወቁ። በ2019 እ.ኤ.አ. ከስታንሊ ዊቲንግሃምና ከአኪራ ዮሺኖ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ዋና ዋና ዓይነቶች

• ሊቲየም ብረት ፎስፌት (ኤል ኤፍ ፒ)፦ የአንድ ሴል መደበኛ ቮልቴጅ 3.2፣ ሲሞላ 3.65 ነው። በአንድ ኪሎ ግራም ከ90 እስከ 160 ዋት-ሰዓት ያህል ይይዛል። በአግባቡ ከተያዘ ከ2,000 ጊዜ በላይ ሊሞላ ይችላል።
• ኒኬል ማንጋኒዝ ኮባልት (ኤን ኤም ሲ)፦ መደበኛ ቮልቴጁ 3.6 ወይም 3.7፣ ሲሞላ 4.2 ነው። በኪሎ ግራም ከ150 እስከ 220 ዋት-ሰዓት ያህል ስለሚይዝ ቀላል ነው።
• ሊቲየም ቲታኔት (ኤል ቲ ኦ)፦ ከሌሎቹ የሚለየው በአኖዱ ነው። መደበኛ ቮልቴጁ 2.4 ያህል ነው። ዕድሜው እጅግ ረጅም ቢሆንም ከባድና ውድ ነው።

ሙቀትና እሳት

ሴል ከመጠን በላይ ሲሞቅ ሙቀቱ ራሱን እያባዛ ወደ እሳት ሊያመራ ይችላል። ይህ በኤን ኤም ሲ በ210 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በኤል ኤፍ ፒ ደግሞ በ270 ዲግሪ አካባቢ ይጀምራል። በኤል ኤፍ ፒ ውስጥ ኦክስጅኑ ከፎስፈረስ ጋር በጥብቅ ስለተያያዘ በቀላሉ አይለቀቅም፤ ስለዚህ እሳቱን የሚያባብስ ነገር ያንሳል። ይህ ግን ፈጽሞ አይቃጠልም ማለት አይደለም። በውኃ መካከል ያለ ሰው ከሚነድ ጀልባ የሚሸሽበት ቦታ ስለሌለው ልዩነቱ ትልቅ ነው። የክብደቱም ጉዳይ በጀልባ ላይ ብዙ አያስቸግርም፤ ከጀልባው ወለል ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ባትሪ ሚዛን ለመጠበቅ ይረዳል።

በቆላና በጣና

የጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ለባትሪ ይስማማል። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ የባትሪ ሣጥን ደግሞ ከአየሩም በላይ ይሞቃል። አብዛኞቹ የሊቲየም ሴሎች ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞቁ እንዳይሞሉ ይመከራል። ስለዚህ በመተማ ባትሪን በጥላ ሥር፣ በተለይም በማለዳ ወይም ከቀዘቀዘ በኋላ መሙላት ይሻላል።

በክረምት የሚሞላው የጓንግ ወንዝ በበጋ እጅግ ይቀንሳል። በዚያ የሚሠራ ጀልባ ያለ ሥራ የሚቆመው ሙቀቱ በሚበረታበት ጊዜ ነው ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ በሙቀት የሚቀመጥ ሴል ቶሎ ያረጃል፤ በግማሽ ያህል ተሞልቶ በቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ ይመረጣል።

አገጣጠም

አራት የኤል ኤፍ ፒ ሴሎች በተከታታይ ሲያያዙ 12.8 ቮልት ይሰጣሉ፤ የመሙያው ከፍተኛ ቮልቴጅ 14.6 ነው። ለአራት የኤን ኤም ሲ ሴሎች የተሠራ ባለ 16.8 ቮልት ቻርጀር ቢገጠምላቸው እያንዳንዱ ሴል እስከ 4.2 ቮልት ተገፍቶ ይበላሻል። ስለዚህ ያገለገሉ ሴሎችን የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ በላያቸው የተጻፈውን ቮልቴጅ ማየት አለበት፤ የተለያየ ዓይነት ሴሎችን በአንድ ባትሪ መቀላቀልም አይገባም። እያንዳንዱን ሴል የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ (ቢ ኤም ኤስ)፣ ለባትሪው ቅርብ የሆነ ፊውዝና ውኃ የማያስገባ ሣጥን የግድ ያስፈልጋሉ።

ለምሳሌ 500 ዋት የሚወስድ ሞተር ለ2 ሰዓት ሲሠራ 1,000 ዋት-ሰዓት ይፈጃል። ባለ 12.8 ቮልትና 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 1,280 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ 80 በመቶው 1,024 ስለሆነ ለዚህ ጉዞ ብቻ ይበቃል። የኤል ኤፍ ፒ ቮልቴጅ ባትሪው ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ብዙም ስለማይለወጥ ቀሪውን በቮልት መለኪያ መገመት ያሳስታል። ከባሕር ዳርቻ ርቆ የሚሄድ ጀልባ የገባውንና የወጣውን ኤሌክትሪክ የሚቆጥር መለኪያ፣ በተጨማሪም መቅዘፊያ ሊኖረው ይገባል።