ከወተት የተዘጋጁ ምግቦች የታሪፍ ምደባ

ወተትን መሠረት ያደረጉ ገቢ ምግቦች ቀረጥ የሚከፈልባቸውን የታሪፍ ቁጥር የመለየት ሥራ ነው። መሠረቱ የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሚያስተዳድረው፣ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ሃርሞናይዝድ ሲስተም የተባለው የሸቀጦች ምደባ ሥርዓት ሲሆን የኢትዮጵያ ታሪፍ መጽሐፍም ይህንኑ ይከተላል።

ወተት፣ ክሬም፣ እርጎና አይብ ምዕራፍ 4 ውስጥ ይመደባሉ። የወተት ዱቄት ስኳር ቢጨመርበትም ከዚያው አይወጣም። ክርክር የሚበዛው የወተቱ ቅባት ወጥቶ በፓልም ዘይት በተተካበት ዱቄት ላይ ነው። በመልክም በጣዕምም ከወተት ዱቄት ለመለየት ያስቸግራል፤ ሆኖም የምዕራፉ ማስታወሻ የወተት የተፈጥሮ ይዘቱ በሌላ የተተካን ምርት በግልጽ ስለሚያስወጣ፣ እንዲህ ያለው ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ የታሪፍ ቁጥር 19.01 ላይ ያርፋል። ለችርቻሮ የታሸገ የሕፃናት ወተት 1901.10 ነው። ከቅባት ነጻ ሆኖ የተሰላ ካካዎ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ያለበት የወተት ዝግጅት ወደ 18.06 ይሻገራል። አይስክሬም ግን ካካዎ ኖረውም አልኖረውም 21.05 ነው።

ወሳኙ የንግድ ስሙ ሳይሆን ይዘቱ ነው። ስለዚህ አስመጪው የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ከመሙላቱ በፊት የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር መጠን በመቶኛ የሚያሳይ ዝርዝር ከአምራቹ ይጠይቅ።