የሉዊ ብሬል ወላጆችና የረዷቸው ሰዎች

ዓይነ ስውራን በጣታቸው እየዳሰሱ የሚያነቡትን ጽሕፈት ያወጣው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ስሙ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ታላላቅ ሰዎችን ስናወድስ ያሳደጓቸውን ወላጆች፣ ወላጆቹንም የደገፉትን ሰዎች ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። ስለዚህ ከጽሕፈቱ በፊት የነበረውን የቤቱን ታሪክ ባጭሩ መመልከት ይገባል።

ሉዊ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1809 ዓ.ም. ከፓሪስ በስተምሥራቅ በምትገኘው በኩቭሬ መንደር ተወለደ። አባቱ ሲሞን ረኔ ኮርቻና የፈረስ ዕቃ ሠሪ፣ እናቱም ሞኒክ የምትባል ነበረች። በ1812 ዓ.ም. የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ባባቱ የሥራ ክፍል ገብቶ በመሣሪያ ቆዳ ሲበሳ ስለቱ አምልጦ አንድ ዓይኑን ወጋው። ቍስሉም አመርቅዞ ሕመሙ ወደ ሁለተኛው ዓይን ተላለፈና በአምስት ዓመቱ ብርሃኑን ፈጽሞ አጣ።

በዚያ ዘመን የድኻ ዓይነ ስውር ልጅ ዕድል አብዛኛውን ጊዜ ልመና ነበር። ቫላንታን አዊ የተባለ ሰው በ1771 ዓ.ም. በፓሪስ ገበያ ዓይነ ስውራን መሣለቂያ ሆነው፣ ሕዝቡም ሲስቅባቸው አይቶ እጅግ አዘነ፤ በ1785 ዓ.ም. ትምህርት ቤት አቋቋመላቸው። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ በከተማ መቈሙ ብቻ ለገጠር ወላጅ አይበቃውም፤ መንገዱን የሚያመለክተውና የሚያማልደው ሰው ያሻዋል።

የሉዊ ወላጆች ልጃቸውን በቤት አልሸሸጉትም። አባቱ በትር ጠርቦ ሰጠውና ልጁ መሬቱን እየመታ የመንደሩን መንገድ ለመደ። በዕንጨት ላይ ምስማር እየመታ የፊደልን ቅርጽ እንዳስዳሰሰውም ይነገራል። የመንደሩ ቄስ አባ ፓልዊ ሕፃኑን እየተቀበሉ አስተማሩት፤ መምህሩ ቤሽሬም ከሚያዩት ልጆች ጋር አብሮ እንዲማር ፈቀደለት። ያገሩ ባላባት ደግሞ አማልዶለት በ1819 ዓ.ም. በዐሥር ዓመቱ ወደ ፓሪሱ ትምህርት ቤት ገባ።

በዚያ የነበሩት መጻሕፍት ፊደላቸው ጎልቶ የታተመ፣ ጥቂትና ከባድ ስለ ነበሩ ለማንበብ ቢቻልም በዚያ ፊደል መጻፍ ለተማሪዎቹ አዳጋች ነበር። የጦር መኰንኑ ሻርል ባርቢዬ ዐሥራ ሁለት ነጥብ ያለው ጽሕፈት ባቀረበ ጊዜ፣ ሉዊ ነጥቦቹን ወደ ስድስት አሳንሶ በ1824 ዓ.ም. ገና በዐሥራ አምስት ዓመቱ አዲሱን ጽሕፈት አበጀ፤ በ1829 ዓ.ም.ም አሳተመው። ነጥቡ የሚወጋውም በልጅነቱ ዓይኑን ያሳጣውን መሣሪያ በሚመስል ሹል ብረት ነው። አባቱ በ1831 ዓ.ም. ሲሞት ልጁ በተማረበት ቤት ረዳት መምህር ሆኖ ነበር። ሉዊ በ1852 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ጽሕፈቱ በፈረንሳይ በደንብ የጸደቀው ግን በ1854 ዓ.ም. ነው። በ1952 ዓ.ም. አፅሙ በፓሪስ ታላላቅ ሰዎች ወደሚቀበሩበት ወደ ፓንቴዎን ሲዛወር የእጆቹ አፅም በመንደሩ ቀረ።

ቄሱ፣ መምህሩና ባላባቱ ያደረጉት እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን አንድን ቤተሰብ ከተስፋ መቍረጥ አዳነ። ዛሬ የእኛም ፊደል በብሬል ይጻፋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፣ ማየት የተሳነው ልጅ ያላቸው እናትና አባት ወደ ደጃችን ሲመጡ መምህሩ ወንበር፣ ሹሙም ደብዳቤ ባይነፍጋቸው፣ ለልጁ የሚደረገው ርዳታ ከወላጆቹ እንደሚጀምር ተረዳን ማለት ነው።