በፊታውራሪ ሌቨል ንጉሥ መማረክ

ማጀቴ ላይ መብራት በመጣ ቁጥር "ቲቸር፣ ሌቨል 40 ገባሁ!" የምትሉኝ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይቺ ለእናንተ ናት።

ሌቨል ከስልክ አልተወለደም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ካሳተሙት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ከተባለ የወረቀትና የዳይስ ጨዋታ የመጣ ነው። ጉልበት፣ ዕውቀት፣ ብልሃት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ግርማ ሞገስ፤ 6ቱም በ3 ዳይስ ይጣላሉ፣ ከ3 እስከ 18። ይሄ የተፈጥሮ ዕድል ነው። ሌቨል ግን ጭራቅ እየገደልክ፣ ወርቅ እየሰበሰብክ የምታሳድገው ነው። ደግሞ እያንዳንዱ ሌቨል የማዕረግ ስም ነበረው፤ ተዋጊ 9ኛ ላይ ሲደርስ "ጌታ" ይባላል።

ለኛ ምኑ አዲስ ነው? ግዳይ ጥሎ፣ ፎክሮ፣ ከግራዝማች ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች፣ ራስ እየተባለ ይወጣ የለም እንዴ!

ሌቨልና ችሎታ ግን አንድ አይደሉም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን ተመልከቱ። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ምኒልክ ቤት ገቡ፤ በ1900 የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1919 ሲሞቱም ማዕረጋቸው ያው ፊታውራሪ ነበር (የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ መሆን ከሌላው ይለያል እንጂ)። ሕዝቡ ግን "አባ መላ" አላቸው። በጨዋታው ቋንቋ ብልሃታቸው 18 ነበር ማለት ነው።

ጥቅምት 17 ቀን 1909 እዚሁ ሸዋችን ውስጥ፣ ሰገሌ ላይ፣ ከራስ ተፈሪ ጋር ሆነው የገጠሙት ንጉሥ ሚካኤልን ነው። በማዕረግ ሦስት ደረጃ የሚበልጧቸውን ንጉሥ! ቀኑ ሳያልቅ ንጉሡ ተማረኩ።