ጥይቱ የት ይገኛል? ከውጅግራ እስከ ኤም ዋንና ሲሞኖቭ

ስለ ጠመንጃ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ፍጥነትና ስለ ርቀት ነው፤ በደቂቃ ስንት ይተኩሳል፣ ስንት ሜትር ይደርሳል ይባላል። ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ደጋው ድረስ ጠመንጃ ሲገዙና ሲሸጡ፣ ይዘውም ሲዘምቱ የኖሩ ሰዎች ግን አስቀድመው የሚጠይቁት ሌላ ነበር፤ ጥይቱ የት ይገኛል? ጥያቄው የነጋዴ ጥያቄ ነው። ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ወደ አካባቢያችን ሲገባ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ከበደ። እንዴት እንደከበደ ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ሲራራ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ በ1886 መጨረሻ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ ተነሣ። ጠመንጃዎቹ በአውሮፓ ጊዜያቸው ያለፈባቸው፣ ከአፈሙዝ የሚጎርሱ ባለ ካፕሱል ጠመንጃዎች ነበሩ። ራሱ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ እንዳስረዳው፣ እዚያ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ የሚገኘው ዕቃ ሸዋ ላይ 40 ፍራንክ ያህል ያወጣል ተብሎ ይታሰብ ነበር። በወረቀት ላይ የመሸጫው ዋጋ ከመግዣው አምስት እጥፍ ያህል ነው። ግን የንግድ ሸሪኩ በሕመም ሞተ፣ ቅፍለቱ ወራት ዘገየ፤ እሱ ሸዋ ሲገባ ደግሞ ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ይዘዋል፣ የተማረከ መሣሪያም በእጃቸው ገብቷል። ንጉሡ ዋጋውን ሰበሩት፤ የሟቹ ሸሪክ አበዳሪዎችም ከራምቦ ላይ ወደቁ። ሰውየው ከስሮ ተመለሰ። ዕቃው መንገድ ላይ እያለ ገበያው አረጀበት፤ የዛሬ ነጋዴም ይህን ሕመም ያውቀዋል።

ምኒልክ ለምን እንደጨከኑ ለመረዳት በዚያ ዘመን ገዢው ምን ያህል አዋቂ እንደነበር ማየት ነው። በ1868 የናፒየር ጦር አሮጌ ላይ በስናይደር ሲተኩስ ያየ፣ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ቀን ተምሯል። በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ የዐፄ ዮሐንስ ጦር የግብፅን ሠራዊት ሲመታ ረሚንግተን ከነጥይቱ ማረከ። ሕዝቡም ለየጠመንጃው ስም አወጣ፤ ስናይደር ስናድር ሆነ፣ የጣሊያኑ ቬተርሊ ወጨፎ ሆነ፣ ማንሊከር ምንሽር ሆነ፣ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ ደግሞ ውጅግራ። በሚይዘው የጥይት ብዛትም አንድ ጎራሽ፣ አምስት ጎራሽ፣ አሥር ጎራሽ ተባለ። ጠመንጃን ሰው እንደሚያጎርሱት ማሰብ የእኛ ነው፤ ጎራሽ ያለ አጉራሽ ደግሞ ምንም እንደማያደርግ ያው ቃሉ ራሱ ይነግረናል።

ውጅግራ ለምን እንደዚያ ተስፋፋ? ፈረንሳይ በ1886 ለቤልን ስትቀበል የ1874ቱ ግራ ትርፍ ሆነ፣ በኦቦክና ኋላም በጅቡቲ በኩል ወደ ደጋው ጎረፈ። በአውሮፓ ሚዛን አንድ ጎራሽ፣ ጭሱ የበዛ፣ ያለፈበት መሣሪያ ነው። በእኛ ሚዛን ግን ሌላ ብልጫ ነበረው። የናስ ቀለሁ ወፍራም ነው፤ ከተተኮሰ በኋላ ተለቅሞ፣ በአገር ቤት ባሩድና እርሳስ እንደገና ይሞላል። ባሩድ መቀመም በአገራችን የታወቀ ሙያ ነበር። ስለዚህ ወደቡ ቢዘጋም፣ ነጋዴው ባይመጣም፣ ባለ ውጅግራ ባዶ እጁን አይቀርም። ጥይቱ ራሱ ገንዘብ እስከ መሆን ደረሰ፤ ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን በገበያ እንደ ዝርዝር ሲመነዘር ኖሯል። እንደ ገንዘብ የሚቀበሉት ዕቃ ነገም ተፈላጊ እንደሚሆን የታመነበት ብቻ ነው።

ቤተ መንግሥቱም ይህንኑ ሂሳብ ያውቅ ነበር። በ1893 የጣሊያን መልእክተኛ ምኒልክን ለማባበል ሁለት ሚሊዮን ጥይት ይዞ መጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ጥይቱን ተረከቡ፣ የውጫሌን ውልም በዚያው ወቅት ሻሩ። በወጨፎ የታጠቀ ወታደር ብዙ ስለነበር የቸገረው ጠመንጃ አልነበረም።

ጭስ አልባው ባሩድ ሲመጣ ይህ ነፃነት መሸርሸር ጀመረ። የለቤል፣ የምንሽርና የመውዘር ጥይት ቀጭን፣ ፈጣን፣ በፋብሪካ ብቻ የሚሠራ ነው። የአገር ቤት ባሩድ ቢሞላበት በርሜሉን ያቆሽሻል፣ ጉልበቱም አይበቃም። በ1935 ጣሊያን ዳግም ሲመጣ የኢትዮጵያ ጦር ከስድሳ ዓመት ወዲህ የገቡትን ጠመንጃዎች ሁሉ ተሸክሞ ነበር፤ አንዱ ዝናር ውስጥ ያለው ጥይት ለጎረቤቱ ጠመንጃ አይሆንም። ያም ሆኖ ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃ ታጋሽ ነው፤ ጥይቱ ደካማ ቢሆን እንኳ በእጅ ስበው ያወጡታል፣ ሌላ ያጎርሳሉ።

ከፊል አውቶማቲክ ግን ይህን ትዕግሥት የለውም። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ጥይቱ ሲተኮስ ከባሩዱ የሚወጣው ጋዝ በበርሜሉ ላይ ባለ ቀዳዳ ይሾልክና መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ባዶው ቀለህ ይወረወራል፣ አዲሱ ይገባል። ተኳሹ ቃታ መሳብ ብቻ ይቀረዋል። ነገር ግን የጋዙ ግፊት ልክ ካልሆነ ማሽኑ ይቆማል። ቤት ውስጥ የተሞላ ጥይት፣ እርጥበት የነካው ባሩድ፣ ያልታወቀ ፋብሪካ ምርት ሁሉ ችግር ይሆናል። ስለዚህ ከፊል አውቶማቲክ የያዘ ሰው ፍጥነት አገኘ፣ በፋብሪካውና በመንገዱ ላይ ያለው ጥገኝነት ግን በረታ። ጥይቱንም ቶሎ ይጨርሳል። አብረው የመጡ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በሽያጭ ወቅት ግን የሚነገረው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ለእኛ ሰዎች የመጀመሪያው ትልቅ ምሳሌ ኤም ዋን ነው። ጆን ጋራንድ የነደፈው ይህ ጠመንጃ በ1936 የአሜሪካ ጦር መደበኛ መሣሪያ ሆነ፤ 4.3 ኪሎ ይመዝናል፣ ስምንት ጥይት ይጎርሳል። የቃኘው ሻለቆች ከ1951 ጀምሮ ኮሪያ ላይ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሲዋጉ በአሜሪካ መሣሪያ ነበር፤ በ1953 ከተፈረመው የመከላከያ ስምምነት በኋላም ኤም ዋን በክቡር ዘበኛውና በጦሩ ዘንድ የታወቀ ሆነ። ጠንካራ ነው፣ አነጣጥሮ ይመታል፣ ጭቃና ብርድ ይችላል። በእኔ ግምት በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የተሻለ የእግረኛ ጠመንጃ ነው።

ጉድለቱ ያለው አንዲት ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ነው። ስምንቱ ጥይት በአንድ የብረት ማቀፊያ ታቅፎ ከነማቀፊያው ወደ ጠመንጃው ይገባል፤ የመጨረሻው ሲተኮስ ማቀፊያው ጥርት ያለ ድምፅ እያሰማ ይወረወራል። ለአሜሪካ ጦር ይህ ችግር አይደለም፤ ጥይቱ ከፋብሪካ ታቅፎ ይመጣለታልና። አቅርቦቱ ሲቋረጥ ግን ማቀፊያውን ከሣር መሐል ለቅሞ ያላስቀመጠ ሰው ስምንት ጎራሹን አንድ ጎራሽ አደረገው ማለት ነው፤ ያለ ማቀፊያ አንድ አንድ እያሉ ማጉረስ ይቻላል፣ ግን ፈጣኑ ጠመንጃ የውጅግራን ሥራ ይሠራል። ታናሹ የኤም ዋን ካርባይን ቀላል ነው፣ 2.4 ኪሎ፣ ባለ አሥራ አምስት ካዝና። ለመኮንንና ለሾፌር ይመቻል። ጥይቱ ግን አጭርና ደካማ ነው፤ በኮሪያው ክረምት አሜሪካኖቹ ራሳቸው አጉረምርመውበታል።

በዚያው ዘመን ግብፅ በራሷ መንገድ ሄደች። ከስዊድን ማሽንና ንድፍ ገዝታ ሐኪም የተባለውን ከፊል አውቶማቲክ አሥር ጎራሽ ሠራች፤ ጥይቱ የመውዘሩ 7.92 ሚሊሜትር ነበር። ከባድ ጠመንጃ ነው፣ ግርፊያውም ኃይለኛ፤ ሲያጎርሱት የላይኛው ሽፋን ወደ ፊት ተገፍቶ ስለሚመለስ ያልተጠነቀቀን ጣት ይቀጣል። ብዙ ሳይቆይ የሶቪየት ጥይት ወደ አገሩ ሲገባ ግብፆች ያንኑ ንድፍ አሳንሰው ረሺድ የሚባል በ7.62 በ39 የሚሠራ አወጡ፤ የተሠራው ጥቂት ሺህ ብቻ ነው። ፋብሪካው የራስ ቢሆንም ጠመንጃው የተከተለው ጥይቱን ነው።

ያ ጥይት፣ 7.62 በ39፣ ወደ ሲሞኖቭ ያመጣናል። ሰርጌይ ሲሞኖቭ የነደፈው፣ በ1949 የሶቪየት ጦር የተቀበለው ይህ ጠመንጃ በወረቀት ከኤም ዋን ያነሰ ነው፤ ጥይቱ አጭር፣ ርቀቱም ያነሰ። አሥር ጥይት የሚይዘው ካዝና ከጠመንጃው አይለይም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ እኔ ለገጠር ሰው ብልጫ ነው እላለሁ። የሚጠፋ ካዝና የለም፣ የሚጠፋ የግድ ማቀፊያም የለም፤ በማሰለፊያ አሥሩን በአንዴ፣ ከሌለም በጣት አንድ በአንድ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ግን አሥሩም ይተኮሳል። የአብዛኞቹ ሶቪየት ሠራሾች በርሜል ውስጡ በክሮም ስለተለበጠ ዝገትን ይቋቋማል። ክብደቱም ቁም ነገር ነው፤ አንድ የኤም ዋን ጥይት ወደ 27 ግራም ሲሆን የሲሞኖቭ ወደ 16 ግራም ነው። በእግር ለሚሄድ መቶ ጥይት ላይ ልዩነቱ ከአንድ ኪሎ ያልፋል። ከሁሉም በላይ ግን ጥይቱ የክላሽንኮቭ ጥይት ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ 1977 አሳየ። በዚያ ዓመት አሜሪካ ለኢትዮጵያ የምትሰጠውን ወታደራዊ ዕርዳታ ቀነሰች፤ ደርግም በሚያዝያ ወር የአሜሪካን ወታደራዊ ጽሕፈት ቤቶች ዘጋ። ሶማሊያ በሶቪየት መሣሪያ ታጥቃ ኦጋዴን ገባች፣ በኅዳር ደግሞ ሶቪየቶችን አባረረች፤ የሶቪየት አውሮፕላኖችም በዚያው ወር ወደ አዲስ አበባ መሣሪያ ማጓጓዝ ጀመሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱም ጎረቤቶች የቀድሞ አቅራቢያቸውን አጡ። የደከመው ግን የአንደኛው ወገን ጥይት ብቻ ነው። የኤም ዋን ጥይት በክምችትና በሦስተኛ እጅ ላይ ተንጠለጠለ። 7.62 በ39ን ግን ሶቪየት ብትሄድም ቻይና ትሠራው ነበር፣ የምሥራቅ አውሮፓ ፋብሪካዎችም እንዲሁ፤ አሁን ደግሞ በድንበሩ በሁለቱም በኩል የሚተኮሰው እሱ ሆነ። በ1991 ሁለቱም መንግሥታት ሲወድቁ ከየመጋዘኑ ወጥቶ በየድንበሩ ገበያ የፈሰሰውም በአብዛኛው ይኸው ጥይት ነው። ለእረኛውና ለሲራራው ያመጣውን መከራ የሞያሌና የቶጎ ውጫሌ ሰው ሳይነገረው ያውቃል። ብዙ ኤም ዋን በዚያን ጊዜ ገና ደህና ነበር፤ ብረቱ አልዛገም፣ እንጨቱም አልተሰነጠቀም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሚያጎርሰው ስላጣ ነው።