ቲምጋድ፦ ቁፋሮ የገለጠው፣ ቁፋሮ ያጠፋው



በጎንደር ዘመን ታሪካችን ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ አስቀድሞ በአልጀርስ የብሪታንያ ቆንስል ነበር። በ1765 ዓ.ም. በኦሬስ ተራሮች ግርጌ የሚገኝ የከተማ ፍርስራሽ ጎብኝቶ፣ የትራያን ቅስት የሚባለውን በር በሥዕል አስቀርቶልናል። ያ ፍርስራሽ የዛሬው ንግግሬ ርእስ የሆነችው ቲምጋድ ናት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቲምጋድን በ100 ዓ.ም. የቆረቆራት የሮማው ንጉሠ ነገሥት ትራያን ነው፤ አገልግሎታቸውን ለፈጸሙ ወታደሮች መኖሪያ እንድትሆን አስቦ። የመጀመሪያው ፕላን እያንዳንዱ ጎኑ 355 ሜትር ያህል የሆነ፣ ለአራት ማዕዘን የቀረበ ነበር፤ መንገዶቹም ቀጥ ብለው ይቋረጣሉ። ከተማዪቱ ግን በተሰጣት ልክ አልተወሰነችም። ሕዝቧ ሲበዛ ከቅጥሯ ውጭ ተስፋፋች፤ ታላቁ የካፒቶል ቤተ መቅደስ እንኳ የታነጸው ከዚያ ውጭ ነው። በኋላም ክርስቲያኖች አብያተ ክርስቲያናት ሠሩባት። በ6ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ባይዛንታውያን ከፍርስራሿ ድንጋይ እየወሰዱ በአቅራቢያዋ ምሽግ ገነቡ።

በ1881 ፈረንሳውያን ቁፋሮ ጀመሩ። አልጄሪያን ከ1830 አንሥቶ የወረረው መንግሥት ራሱን የሮማ ወራሽ አድርጎ ያይ ነበርና፣ ቆፋሪዎቹ ከሁሉ አብልጠው የፈለጉት የትራያንን ከተማ ነበር። በሮማውያን ጎዳና ላይ የተሠሩ የኋለኛው ዘመን ግንቦች እንደ እንቅፋት ተቈጥረው ብዙዎቹ በቂ መዝገብ ሳይያዝላቸው ተነሡ። ብራናን ፍቆ የታችኛውን ጽሑፍ ለማንበብ የላይኛውን እንደ ማጥፋት ነው።

ዛሬ በ1982 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ቲምጋድ ከሰማይ ሲያዩአት ንጹሕ የሮማውያን ንድፍ ትመስላለች። ያ ንጽሕና ግን በከፊል የቆፋሪዎቹ ሥራ ነው። ከሮማውያን በኋላ በዚያ የኖሩት ሰዎች ታሪክ ከተጠረገው አፈር ጋር አብሮ ሄዷል።

ቁፋሮ ምንጩን እያጠፋ የሚያነብ ጥናት ነው፤ አንድ ጊዜ የተነሣ የአፈር ንብርብር ተመልሶ አይነበብም። ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ የአንድን ጥንታዊ ከተማ ፕላን ስትመለከቱ ምን እንደ ተገኘ ብቻ አትጠይቁ፤ ምን እንደ ተነሣ፣ ማን እንዳነሣውና ስለ ምን እንዳነሣው ጭምር መርምሩ።